እድር የገባው ድልድይ

ገብረየስ ዕቅድ አውጪ ነበር። በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ በጽሕፈት ሥራ ተቀጥሮ፣ በደርግ ጊዜ ወደ ዕቅድ ክፍል ተዛውሮ፣ ደርግ ሲወድቅም እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ተገኘ። በዚህ ሁሉ ዘመን በወረቀት ያቀደው መንገድ ቢቀጣጠል ከገርጂ ተነሥቶ ጅቡቲ ደርሶ በተመለሰ ነበር። የተሠራ ግን የለም። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም፤ ዕቅዱ ሁልጊዜ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ከዕቅዱ በኋላ የሚመጣው ነገር ነው። ሚስቱ ዘርፌ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ትለዋለች። እሱ ቢያንስ ላሟ መኖሯን አመነች ብሎ ደስ ይለዋል።

ቤታቸው ገርጂ ነው፤ ደረቁን ተሻግሮ። ደረቁ ወንዝ ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው በበጋ ያለፈ መሆን አለበት፤ ከመስከረም እስከ ግንቦት ፍየል ጫማዋን ሳታርስ የምትሻገረው የድንጋይ ጎድጓዳ ነው። ሰኔ ሲገባ ግን ከየት እንደሚያመጣው የማይታወቅ ቀይ ውሃ ይዞ ይወርዳል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው ዓይነት እንኳ አይደለም፤ ሳይስቅ ነው የሚወስደው። ሰፈሩ በዚህ ዳር ቀርቶ፣ ሰፈሩ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ በዚያ ዳር ነበር፦ ታክሲው፣ ክሊኒኩ፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ፣ መቃብሩ፣ የሙዘሚል ወፍጮ ቤት። የዘርፌም ሥራ በዚያው በኩል ነው፤ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የመንገደኞች ብርድ ልብስ በሚታጠብበት ክፍል። በክረምት ውሃውን ላለመንካት የፈለገ ሰው በላይኛው በኩል ዙሪያውን ይሄዳል፤ ይህም ግማሽ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ሁሉም ውሃውን ይነካል።

በሰማንያ ሰባት ነሐሴ ላይ ዘርፌ ከሥራ ስትመለስ መሻገሪያው ላይ ተንሸራተተች። ውሃው ወደ ታች ይዟት ሲሄድ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ደቻሳ ዳር ላይ ከብት ያጠጣ ነበርና ዱላውን ሰጥቶ ጎትቶ አወጣት። ጫማዋና ቦርሳዋ ሄዱ። ገብረየስ ፎጣ ይዞ ሮጦ ደረሰ፤ ትከሻዋን እየጠቀለለ «ይኼ ቦታ እኮ በዐሥር ዓመቱ መሪ ዕቅድ ውስጥ ድልድይ ነበረው» አላት። ይህን ያለው ሊያጽናናት ነው። ዘርፌ ማግሥቱን ሻንጣዋን ይዛ፣ በላይኛው በኩል ዞራ፣ ወዲያ ማዶ ወደ እኅቷ ወደ የሺአረግ ቤት ሄደች።

«ገብሬ፣ ድልድዩ ሲሠራ እመጣለሁ» አለችው በር ላይ። «ሲታቀድ አላልኩም። ሲሠራ ነው ያልኩት።»

መስከረም ጠባ፤ ውሃው ጎደለ፤ ዘርፌ አልመጣችም። ጥቅምት ላይ ደረቁ ስሙን መስሎ ተጋደመ፤ ዘርፌ አልመጣችም። ሽማግሌ ተላከ፤ ምሳ አብልታ፣ እጅ አስታጥባ፣ ያንኑ ቃል ደግማ መለሰቻቸው። ውሃው እኮ የለም ቢሏት፣ ውሃው ሲኖርም ውሃው ሳይኖርም የኖረችው ከአንድ ዕቅድ ጋር መሆኑን ነገረቻቸው። እኔን ከጠየቃችሁኝ እውነቷን ነው፤ ሰው ሁልጊዜ «በሚቀጥለው የበጀት ዓመት» እየተባለ መኖር አይችልም። ጠብ ግን አልነበረም። ገብረየስ በየእሑዱ ብርቱካን ይዞ፣ ካራቫቱን አስሮ፣ እንደ እጮኛ ወደ የሺአረግ ቤት ይሄዳል። ይበላል፣ ይጫወታል፣ ሲመሽ ዘርፌ እስከ በር ትሸኘዋለች። ብቸኛ ልጃቸው ቲጂ ናዝሬት አግብታ ነበርና ወደ ቤቱ ሲመለስ በሩን ራሱ ከፍቶ፣ መብራቱን ራሱ አብርቶ ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን እድር ላይ ነው። በደረቁ ማዶ እድር ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ነው፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ባልም ሚስትም በየስማቸው ይጠራሉ፤ የቀረ ይቀጣል። ስም የሚጠራው የእድሩ ዳኛ ሃምሳ አለቃ ኃይለሚካኤል ነው። ጦሩ ሲበተን ማዕረጉን እንጂ ልማዱን አላስረከበም፤ ለቀስተኛን የሚጠራው እንደ ምልምል ወታደር ነው። «ዘርፌ» ሲል ድንኳኑ ጸጥ ይላል።

«ፈቃድ ላይ ናት» ይላል ገብረየስ ጫማውን እያየ።

የመሥሪያ ቤት መልስ ነው፤ ሌላ መልስ አያውቅም። ኃይለሚካኤል አንዲት ነጥብ አድርጎ ያልፋል። ይህ ነገር በየለቅሶው ተደገመ፤ በሰማንያ ስምንት ደግሞ ለቅሶ በዝቶ ነበር።

በዚያው ዓመት ገብረየስን መሥሪያ ቤቱ አንድ ሆቴል ውስጥ ለተዘጋጀ ስብሰባ ላከው። ርዕሱ መንግሥትና የግል ባለሀብት መንገድና ድልድይ በሽርክና ስለሚሠሩበት ሁኔታ ነበር። ብዙዎቹ ተሰብሳቢዎች የመጡት ለምሳው ነው። ገብረየስም ለምሳው ነው የሄደው፤ ከምሳ በኋላ ግን ያልጠበቀው ነገር ሆነ፣ ማዳመጥ ጀመረ። ከውጭ የመጣው ባለሙያ ሦስት ነገር አለ። አንደኛ፣ ማንም ሰው ጥቅሙን ሳያይ ብረት አያዋጣም። ሁለተኛ፣ ሊደርስ የሚችለው ጉዳት ሁሉ አስቀድሞ ተቆጥሮ፣ እያንዳንዱ መሸከም በሚችለው ሰው ላይ ይደልደል። ሦስተኛ፣ ውሉ ሥራው ሲፈርስ ምን እንደሚደረግ ካልተናገረ ውል አይደለም። ገብረየስ ይህን ሲሰማ ያየው ደረቁን ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለውን ይኼ ሰውዬ ከየት ሰማው ብሎ ተገረመ።

በማግሥቱ ወደ ሙዘሚል ሄደ። ሙዘሚል ከስልጤ አገር በልጅነቱ መጥቶ፣ በሸክም ጀምሮ፣ ወፍጮ ቤት የከፈተ ሰው ነው። ወፍጮው ከወንዙ ወዲያ፣ ቤቱና እህል የሚያስፈጨው ሰው ግን ከወንዙ ወዲህ ስለሆኑ ክረምት ክረምት ድንጋዩ ያዛጋል። ገብረየስ ብረቱንና ሲሚንቶውን ቻል፣ በምላሹ ለዐሥራ አምስት ዓመት በድልድዩ ከሚያልፍ ጋሪ ሁሉ ክፍያ ትሰበስባለህ፣ ከዚያ ድልድዩ የሰፈሩ ይሆናል አለው። ሙዘሚል ትንሽ አሰበና ስለ እግረኛው ጠየቀ። እግረኛ በነፃ ነው ተባለ። አህያስ? አህያ ከነጭነቷ ትከፍላለች፤ ባዶዋን እግረኛ ናት። ሙዘሚል ተስማማ። ከዚያ ገብረየስ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄደ፤ ኃላፊው መሐንዲስና ዶዘር ለመስጠት ፈቀደ፤ ሰፈሩ ደግሞ ድንጋይና ጉልበት ያወጣል። ነገሩ ሁሉ እንዲህ በቀላሉ መሄዱ ገብረየስን ማስፈራት ነበረበት።

ችግሩ ውሃው ላይ መጣ። ጎርፍ ድልድዩን ቢወስደው የማን ነው? ኃላፊው ዝናብ የጽሕፈት ቤቱ ሥልጣን አይደለም አለ። ሙዘሚልም ብረት እንጂ ዝናብ አላልኩም አለ። የቀረው ሰፈሩ ነው፤ ሰፈር ግን ማኅተም የለውም፤ ማኅተም የሌለው ደግሞ አይፈርምም። በሰፈሩ ማኅተም ያለው አንድ አካል ብቻ ነበር፤ እሱም እድሩ ነው። እድሩ ገንዘብ አለው፣ ጉልበት አለው፣ ድንኳን አለው፣ የቀረውን ይቀጣል። በዚህች ከተማ የተባለውን ነገር በተባለው ሰዓት የሚፈጽም ሌላ ድርጅት እስካሁን አልተገኘም።

ነገር ግን በደንቡ መሠረት እድሩ ሳንቲምም ሆነ ጉልበት የሚያወጣው አባል ወይም የአባል ቤተሰብ ሲሞት ብቻ ነው። ደንቡን ለማሻሻል ጠቅላላ ጉባኤ ያስፈልጋል። ጠቅላላ ጉባኤው ደግሞ ሰው ካልሞተ ሞልቶ አያውቅም፤ ሰው በሞተ ጊዜ ስለ ደንብ ማንሣት ነውር ነው። ገብረየስ ሌት ተቀን ሲያስብ ሰነበተና በወሩ መጨረሻ የእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ በሕይወቱ ከተናገረው ሁሉ ቀጥተኛ የሆነውን ንግግር ተናገረ።

«ድልድዩ እድር ይግባ።»

ማንም አልሳቀም። እድር ላይ አይሳቅም። ኃይለሚካኤል መነጽሩን አደረገና ነገሩን ከሥሩ መመርመር ጀመረ። አባል የሚሆን ሁሉ የቤት ቁጥር ያስፈልገዋል አለ። ገብረየስ በእኔ ቤት ይመዝገብ አለ። በቤተሰብነት የሚመዘገበው የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ ወይም ልጅ ነው፤ ድልድዩ የትኛው ነው? ገብረየስ የማደጎ ልጅ ነው አለ። ዕድሜው ሲጠየቅ ገና አልተወለደም፣ ግንቦት ላይ ይጠበቃል ብሎ መለሰ። ከኋላ አንድ ሰው ቀብር ሳይወጣ እንዴት አባል ይሆናል ሲል ተቃወመ፤ እድር የሚወለደው ከመቅበር ነውና ተቃውሞው ከባድ ነበር። ያን ጊዜ ሙዘሚል እጁን አነሣ።

«ከዚህ ሰፈር የሚወጣውን ሬሳ ሁሉ ተሸክሞ የሚያሻግረው እሱ ነው» አለ። «ማናችን ነን በሁሉም ቀብር ላይ የምንገኝ?»

በክረምት ሬሳ ተሸክመው ደረቁን የተሻገሩ ሰዎች እዚያ ተቀምጠው ነበር። ሳጥኑን በራሳቸው ላይ አድርገው፣ ውሃው እስከ ብብታቸው ደርሶ፣ የሟችን እናት በዳር ትተው የተሻገሩ። ሌላ ጥያቄ አልተነሣም። ድልድዩ በሙሉ ድምፅ እድር ገባ፤ እድሩም ጎርፍ ቢገድለው መልሶ ሊያቆመው በውሉ ላይ ማኅተሙን መታ። ናዝሬት ያለችው ቲጂ ወንድም እንዳገኘች በስልክ ተነግሯት መልካም ነው አለች፤ የአባቷ ልጅ ናት፣ ነገር አታበዛም።

ሥራው እንዴት እንደተሠራ ባጭሩ ልናገር። ዶዘሩ በቀጠሮው ቀን አልመጣም፤ በሌላ ቀጠሮም አልመጣም፤ በመጣበት ቀን ማንም አልጠበቀውም። መሐንዲሱ ሦስት ቋሚ ሣለ፤ ብረቱ ለሁለት በቃ። ገብረየስ ከቢሮ እንደወጣ ካራቫቱን ኪሱ ከቶ ድንጋይ ያቀብላል። ግንቦት መጨረሻ ላይ ድልድዩ ቆመ። ሁለት ጋሪ ጎን ለጎን አያሳልፍም፤ አንድ ጋሪና አንድ ትዕግሥተኛ ሰው ግን ያሳልፋል። ገብረየስ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀደው ነገር ላይ ቆመ። እግሩን መታ መታ አደረገበት። ድልድዩ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ሳይዞር፣ በቀጥታ፣ ወደ የሺአረግ ቤት ሄደ።

ዘርፌ መጥታ አየችው። ከወዲያኛው ጫፍ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ቋሚዎቹን አየች፣ ከሥር ያለውን ድንጋይ አየች፣ ባሏን አየች። ደስ እንዳላት ፊቷ ላይ ይታያል። ግን አንዴ ውሃ የያዘው ሰው ነውና እግሯን አላነሣችም።

«አንድ ክረምት ይለፍበት» አለች። «መስከረምን ካየ እቃዬን ይዤ እመጣለሁ።»

እንግዲህ የገብረየስ ትዳር በሁለት ቋሚ ላይ ቆሞ ክረምቱ ገባ።

ሰኔ ደህና አለፈ። ሐምሌም አለፈ። በዚህ መሃል የታየው ችግር ሌላ ነው። ውሉ ለለቅሶ የሚሄድ ሰው፣ በጋሪም ቢሆን፣ አይከፍልም ይላል፤ ለሐዘንተኛ ቀረጥ አይጠየቅም። ከዚያ ወዲህ በደረቁ ድልድይ የሚያልፉ ጋሪዎች ሁሉ ለቅሶ ደራሽ ሆኑ። ጤፍ የጫነ ለቅሶ ይሄዳል፤ ከሰል የጫነ ለቅሶ ይሄዳል፤ ነጠላውን ዘቅዝቆ የለበሰ ባለጋሪ ሁለት በግ ጭኖ እያለቀሰ አለፈ። ሙዘሚል ድልድዩ ጫፍ ላይ ቆሞ «እግዜር ያጽናችሁ» ሲል ይውላል። ገብረየስ ይህን ቀዳዳ አላየሁትም ነበር ብሎ ይቅርታ ጠየቀው። ሙዘሚል ግን ወፍጮው ቀን ከሌት እየፈጨ ስለሆነ አልተከፋም፤ ሰፈሩ ምን ያህል ሐዘን እንዳለበት አላወቅሁም ነበር አለ።

ገብረየስ ጠዋት ጠዋት ወደ ቢሮ ሲሄድ ድልድዩ ሥር ጎንበስ ብሎ ቋሚዎቹን ያያል። ማታ ሲመለስም ያያል። ነሐሴ ሲጋመስ ቤቱን በኖራ አስቀባ፤ የቁም ሣጥኑን የዘርፌን በኩል ባዶ አደረገ። እሑድ ሲሄድ ብርቱካኑን አስቀምጦ ስለ ውሃው ልክ ይነግራታል። ዘርፌ፣ የሺአረግ ሳታያት፣ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር አውጥታ አቧራውን እንደጠረገች በኋላ ነው የተሰማው።

ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ በላይኛው በኩል በረዶ ጣለ። ገርጂ ላይ ያፈሰሰው እንኳ ጥቂት ነበር። ውሃው ግን ግንድ ይዞ መጣ። ገብረየስ ከቢሮ ተመልሶ ድልድዩን ገና እንደተሻገረ ሰው በሁለቱም ዳር ቆሞ ያያል። ግንዱ ቋሚውን አንዴ መታው፤ ድልድዩ ዝም አለ። ሁለተኛ መታው። ያን ጊዜ ድልድዩ እንደ ደከመው ሰው በጎኑ ዘንበል አለና ውሃው ውስጥ ተኛ። ድምፁ ያን ያህል አልነበረም። ገብረየስ ዝናብ ላይ ቆሞ አለቀሰ። ስለ ሲሚንቶው አልነበረም፤ መስከረም እኮ ደርሶ ነበር።

ቢሆንም ዕቅድ አውጪ ነው፤ ውሉ ለዚህ ቀን ነው የተጻፈው። ዓይኑን ጠርጎ ወደ ኃይለሚካኤል ቤት ሄደና ድልድዩ መፍረሱን፣ እድሩም ጉልበትና ገንዘብ አውጥቶ መልሶ እንዲያቆመው እየተጠባበቀ መሆኑን አስታወቀ። ኃይለሚካኤል ኮፍያውን አወለቀ። በእድሩ ስም የተሰማውን ሐዘን ገለጸና ድንኳኑ ነገ ማለዳ በደጅህ ይተከላል አለው።

«ድንኳን እንኳ አያስፈልግም ነበር» አለ ገብረየስ።

«ልጁ ሞቷል ወይስ አልሞተም?» አለ ኃይለሚካኤል። «ካልሞተ እድሩ አያወጣም። ከሞተ ጥሩምባ አለ፣ ድንኳን አለ፣ ስም ጥሪ አለ። ደንቡን ከፋፍለን አንወስድም።»

ገብረየስ አሰበ። ጎርፉን አስቦ ነበር፤ ብረቱን፣ ባዶ አህያዋንም ሳይቀር አስቦ ነበር። ጥሩምባውን አላሰበም። በገዛ ዕቅዱ ውስጥ ተይዞ እንደቆመ ገባው፤ በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ እንደተባለው መሆኑ ነው።

«ሞቷል» አለ።

ደቻሳ በማግሥቱ ገና ሳይነጋጋ ተነሣ። ደቻሳ የሟችን ስም አይጠራም። ድሮ አንዴ የአንዲትን እናት ልጅ ስም ጠርቶ፣ መርዶ ያልሰማችው እናት ገበያ መካከል ሰምታ ወድቃለች፤ ከዚያ ወዲህ የሚጠራው ቤቱን ብቻ ነው። ማን እንደሞተ ሰው ድንኳኑ ጋ ሲደርስ ቀስ ተብሎ ይነገረዋል። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ለጨዋነቱም ይወዱታል። ወዲህ ያለውን ሰፈር ነፍቶ ሲጨርስ ወዲያ ማዶ ላሉት አባላት ለመንገር ወደ ደረቁ ወረደ። መሻገሪያ ስለሌለ ዳር ላይ ቆመ፤ ጥሩምባውን ወደ ማዶ አዙሮ ነፋ፤ በአቶ ገብረየስ ቤት ሐዘን ደርሷል ብሎ ጮኸ፤ ደግሞ ነፋ። ከዚያ ድንኳን ለመትከል ተመለሰ።

በአቶ ገብረየስ ቤት የሚኖረው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ድንኳኑ ሲሞላ ሰው መጀመሪያ እንዴት እንደሚያዝን አላወቀበትም። ነጠላውን ዘቅዝቆ ገብቶ፣ ገብረየስን አቅፎ፣ ምን እንደሚል ጠፍቶት ይቀመጣል። ሀቢባ፣ የሙዘሚል ሚስት፣ ዳቦና ሻይ ይዛ መጣች። ሙዘሚል ከገብረየስ ጎን ሐዘንተኛ ሆኖ ተቀመጠ፤ ብረቱ የእሱ ነበረና ቦታው ይገባዋል።

«አላህ ሶብሩን ይስጥዎት፣ ጋሽ ገብረየስ።»

«ለአንተም፣ ሙዘሚል።»

ጥግ ላይ ያሉ ጎረምሶች ሳቃቸውን በነጠላ ያፍኑ ነበር። ድንኳን ግን የራሱ ጠባይ አለው። አንዲት አሮጊት በሰኔ የወንድማቸው ሬሳ ሳይረጥብ መሻገሩን አነሡ። ሌላዋ ምጥ ይዟት በምሽት በጋሪ እንዳለፈች፣ ሙዘሚልም ክፍያ እንዳልጠየቃት ተናገረች። ፈዲላ የምትባል ጎረቤት ልጇ በዚህ ሰኔ ከትምህርት ቤት አንድም ቀን አልቀረም ነበር አለችና ፊቷን በሻሽዋ ሸፈነች። ጎረምሶቹ ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ። ጥቂት ቆይቶ እውነተኛ ለቅሶ ሆነ።

ይሄኔ ከወንዙ በኩል አንድ ድምፅ መጣ። ሴት ናት፤ ሟችን በስሙ እየጠሩ እንደሚያለቅሱት ሁሉ የገብረየስን ስም እየጠራች ትመጣለች። ገብረየስ ድምፁን ያውቀዋል፤ እንዲህ ሆኖ ግን ሰምቶት አያውቅም። ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ዘርፌ ገባች። የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ናት። ከደረቷ በታች ውሃና ጭቃ ነው፤ አንድ እግሯ ባዶ ነው፤ ፀጉሯ ተፈትቷል። ደረቷን እየመታች ሁለት እርምጃ ተራመደችና ቀና ስትል ባሏን አየችው። ሐዘንተኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በእጁ ዳቦ ይዞ ነበር።

ገብረየስ ተነሣ።

«ድልድዩ ነው» አለ።

ዘርፌ አየችው። እጇን ዘርግታ ፊቱን ነካችው፤ ጉንጩን፣ ግንባሩን፣ ኮሌታውን፤ ሙቀት እንዳለው ለማወቅ ነበር። ከዚያ በዚያው እጇ ደረቱን በኃይል መታችው። ደግማ አልመታችውም፤ እጇ እዚያው ቀረ።

ገብረየስ ከእግሯ እስከ ደረቷ ያለውን ውሃ አየ። ወንዙ ከትናንት እንዳልጎደለ ያውቃል፤ ጠዋት ሄዶ ለክቶታል።

«በምን ተሻገርሽ?» አላት።

ዘርፌ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ ወደ ወንዙ በኩል አየች፤ ጥያቄው ለእሷም አዲስ ይመስል ነበር።

«ውሃውን አላየሁትም» አለች።

ገብረየስ ዓመት ሙሉ ያቀደው፣ ያስማማው፣ የደለደለው፣ ያስፈረመው ድልድይ ውሃ ውስጥ ተጋድሟል፤ ሚስቱ ግን መጥታ እዚህ ቆማለች። ገብረየስ ተመልሶ ተቀመጠ። ዘርፌም ነጠላዋን ጨምቃ፣ ዘቅዝቃ አጣፋችና ከጎኑ ተቀመጠች። ሙዘሚል ቦታ ለቀቀላት። ሀቢባ ሻይ ሰጠቻት፤ ሁለት እጇን ብርጭቆው ላይ አድርጋ ያዘችው።

ሰዓቱ ደርሶ ነበርና ኃይለሚካኤል መነጽሩን አደረገ። ደንብ ደንብ ነው፤ ስም መጥራት ጀመረ። ሰው በየተራው አለሁ፣ አለሁ ይላል። «ገብረየስ» አለ፤ ገብረየስ አለሁ አለ። «ዘርፌ» ሲል ድንኳኑ እንደ ልማዱ ጸጥ አለ። ገብረየስም እንደ ልማዱ ጫማውን እያየ አፉን ከፈተ።

«አለሁ» አለች ዘርፌ።

ኃይለሚካኤል ከመነጽሩ በላይ አንድ አፍታ አያት። ከዚያ ምልክቱን አደረገና ወደሚቀጥለው ስም አለፈ።